የዩኤስቢ ሞደም በሊኑክስ ላይ፦ ዶንግሉ «ሲዲ ነኝ» ሲላችሁ

አንድ ጥር ላይ የአጎቴ ልጅ ከመሀል ሜዳ ደወለችልኝ። አስተማሪ ናት። ላፕቶፗ አርጅቶ ዊንዶውስ መሸከም ሲያቅተው ሊኑክስ ሚንት ጭኜላት ነበር፤ ደብረ ብርሃን መጥታ ስትወስደው እየመረቀችኝ ነው የሄደችው። አሁን ግን የደወለችው ስለ ዶንግሏ፣ ሲም ገብቶበት ዩኤስቢ ላይ ስለሚሰካው ትንሽ ሞደም ነው፤ ድምጿም ሌላ ነው።

«ወንድምዓለም፣ ይሄን ዶንግል ስሰካው ሲዲ ነው የሚለኝ። ኢንተርኔት የለ፣ ምን የለ። የመንፈቅ ፈተናውን ዛሬ መላክ አለብኝ!»

ከእኔ በፊት ለአንድ ኮምፒውተር ጠጋኝ አሳይታው ነበር። «እህቴ፣ ይሄ በዊንዶውስ ብቻ ነው የሚሠራው» ብሎ መልሷታል። ይሄ አባባል ሁሌም ያናድደኛል። ሊኑክስ ዶንግል ጠልቶ አይደለም እኮ። ብዙ ጊዜ ዶንግሉ ራሱ ነው ማንነቱን የሚደብቀው፤ እሱ ካልሆነ ሲሙ ነው፣ ሲሙም ካልሆነ ኔትወርኩ ነው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳይለዩ ሴቲንግ መነካካት ደግሞ አንዱን ችግር ሁለት ያደርገዋል። ያን ቀን በስልክ አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀብን፣ ፈተናውም ሄደ። በስልክ ያልኳትን ነው እዚህ አስፍቼ የምጽፈው።

ስለ ትእዛዞቹ አንድ ነገር ልበል። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚተየብበት ጥቁሩ መስኮት) ላይ የሚተየቡትን እንደሚነበቡ ነው የምጽፋቸው። ፊደሎቹን በሰረዝ ለያይቼ ሳስቀምጥ እያንዳንዷን የእንግሊዝኛ ፊደል ተራ በተራ ተይቡ፤ ሰረዙን ግን አትተይቡት። «ኤል-ኤስ-ዩ-ኤስ-ቢ» ካልኩ አምስት ፊደል ነው፣ ክፍተት የለውም። ትልቅ ፊደል ሲያስፈልግ እነግራችኋለሁ። ያለዚያ ሁሉም ትንንሽ ነው።

መጀመሪያ ሲሙን ስልክ ውስጥ ክተቱት

ሳቅ ይመጣ ይሆናል፣ ግን ይሄን ደረጃ ዘልዬ የተቀጣሁት እኔው ነኝ። ግማሽ ቀን ሙሉ ሴቲንግ ስቀያይር ውዬ፣ ሁለት ጊዜ ሪስታርት አድርጌ፣ ሊኑክሱን እንደገና ለመጫን ፍላሽ እያዘጋጀሁ ሳለ ነው ጥቅሉ ትናንት ማታ ማለቁ ትዝ ያለኝ። ስለዚህ ሲሙን ስልክ ላይ አድርጉና ዋይፋይ አጥፍታችሁ አንድ ገጽ ክፈቱ። ከተከፈተ ሲሙም ጥቅሉም ደህና ናቸው። በኢትዮ ቴሌኮም ሲም *804# ደውላችሁ ቀሪ ሒሳባችሁንም እዩ።

እግረ መንገዳችሁን የሲሙን ፒን ኮድ ከስልኩ ሴቲንግ ላይ አጥፉት። ሊኑክስ ፒን መጠየቅ ያውቃል፣ ግን አንዳንዴ መጠየቂያው መስኮት ከሌላ መስኮት ኋላ ተደብቆ ሰው ለምን አልሠራ አለ እያለ ይቀመጣል። ፒን ሦስት ጊዜ ከተሳሳታችሁ ፒዩኬ፣ ማለትም የተቆለፈ ሲም መክፈቻውን ኮድ፣ ይጠይቃችኋል፤ ፒዩኬውን አሥር ጊዜ ከተሳሳታችሁ ሲሙ አበቃለት። መገመት አያዋጣም።

የሲሙ መጠንም አለ። የቆዩት ዶንግሎች ትልቁን ሲም ነው የሚቀበሉት፣ ዛሬ ስልካችን ውስጥ ያለው ደግሞ ናኖ ነው። አዳፕተሯን ተጠቀሙ። ባዶዋን አዳፕተር መጀመሪያ አስገብቶ ናኖውን ከላይ ለመጨመር የሚሞክር ሰው አይቻለሁ፤ በኋላ በወረንጦ ሲያወጣው ውስጡ ያሉትን ቀጫጭን ሽቦዎች ነቃቀላቸው። ሲሙን አዳፕተሩ ላይ በደንብ አስቀምጡና አንድ ላይ ነው የሚገቡት።

ዶንግሉ ለምን ሲዲ ነኝ ይላል

ሲዲ የነገሩ ዋናው ቋጠሮ ነው። ፋብሪካው ዶንግሉን ሲሠራ ውስጡ ትንሽ ማስቀመጫ ከቶ የዊንዶውስ ፕሮግራሙን እዚያው ጭኖበታል። ስትሰኩት መጀመሪያ የሚታየው ይሄ ማስቀመጫ ነው፣ ኮምፒውተሩም ሲዲ የገባ ይመስለዋል። ዊንዶውስ ላይ ፕሮግራሙ ሲጫን ለዶንግሉ «በቃ ሞደም ሁን» የሚል ምልክት ይልክለታል፣ እሱም ይቀየራል። ሊኑክስ ያን ፕሮግራም ስለማይጭን ምልክቱን የሚልክ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው «ዩኤስቢ ሞድስዊች» ይባላል። ትንሽዬ ፕሮግራም ነው፤ የብዙ ዶንግሎችን ስምና የሚቀየሩበትን ምልክት መዝግቦ ይዟል።

ዶንግሉን ሰክታችሁ አንድ ደቂቃ ጠብቁ። እውነቴን ነው፣ ጠብቁ። ሊኑክስ አዲስ ሞደም ሲያገኝ እየጠየቀ እየመረመረ ነው የሚለየው፤ በአሥር ሰከንድ ነቅሎ የሚሰካ ሰው ሁሌ ከመጀመሪያው ያስጀምረዋል። ከደቂቃ በኋላ ተርሚናል ክፈቱና «ኤል-ኤስ-ዩ-ኤስ-ቢ» ብላችሁ ኢንተር ተጫኑ።

ብዙ መስመር ይመጣል። ሁዋዌ ወይም ዜድቲኢ የሚለውን ፈልጉ። ከስሙ በፊት በሁለት ነጥብ የተለያዩ ሁለት ቁጥሮች አሉ። የፊተኛው የፋብሪካው ነው፦ 12ዲ1 ሁዋዌ፣ 19ዲ2 ዜድቲኢ። የኋለኛው የዶንግሉን ሁኔታ ይናገራል። ሁዋዌ ላይ 1446 ወይም 1ኤፍ01 ካያችሁ ገና ሲዲ ነው። 1001፣ 1436 ወይም 1506 ከሆነ ሞደም ሆኗል። 14ዲሲ ከሆነ ደግሞ ሌላ ዝርያ ነው፣ እመጣበታለሁ። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ሲቀየርና ሳይቀየር የምታውቁት በእሱ ነው።

ዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ ከሌለስ? እንግዲያው ሊኑክስ አላየውም፤ ጉዳዩ የሶኬት ነው። ሌላ ሶኬት ሞክሩ። ዴስክቶፕ ከሆነ የፊቱን ትታችሁ ከኋላ ሰኩት። ሶኬት የሚያባዛውን ዕቃም ለጊዜው አውጡት፤ ዩኤስቢ 2.0 ሶኬት 500 ሚሊአምፔር ነው የሚሰጠው፣ ዶንግል ደግሞ ሲግናል ሲያጣ ኃይሉን ስለሚጨምር ከማውስና ከፍላሽ ጋር ተካፍሎ አይበቃውም።

ሲዲውን ሞደም ማድረግ

ብዙ ጊዜ የሊኑክስ ዓይነቶቹ ኡቡንቱና ሚንት ሞድስዊችን ይዘው ስለሚመጡ ምንም ሳትነኩ ይቀየራል። ካልተቀየረ መጀመሪያ ቀላሉን ሞክሩ፦ ዴስክቶፑ ላይ የወጣውን የሲዲ ምልክት ቀኝ ክሊክ አድርጉና «ኢጀክት» በሉት። ብዙ ዶንግሎች ሲዲው «ወጣ» ሲባሉ ያን እንደ ምልክት ወስደው ሞደም ይሆናሉ። የአጎቴ ልጅም የዳነችው በዚህ ነው።

ያም ካልሆነ ፕሮግራሙ መኖሩን አረጋግጡ። ሶፍትዌር ማኔጀር ውስጥ ዩኤስቢ ሞድስዊች ብላችሁ ፈልጉ። «ኢንተርኔት ሳይኖረኝ ከየት አውርጄ?» ማለታችሁ አይቀርም። ስልካችሁን በቻርጀር ገመዱ ከላፕቶፑ ጋር አገናኙና ከስልኩ ሴቲንግ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» የሚለውን አብሩት፤ ሊኑክስ እንደ ኬብል ኢንተርኔት ይቀበለዋል፣ የሚጫን ነገር የለውም። ፕሮግራሙ ከነጓዙ አንድ ሜጋ እንኳ አይሞላም። ነገር ግን በተርሚናል የምትጭኑ ከሆነ «አፕት አፕዴት» ብላችሁ አትጀምሩ፤ እሱ ዝርዝሩን ለማደስ ብቻ ብዙ ሜጋ ይበላል። በቀጥታ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል» ብላችሁ የፕሮግራሙን ስም አስከትሉ፣ አልገኝ ካለ ብቻ ዝርዝሩን አድሱ። ስሙ ሲጻፍ በዩኤስቢና በሞድስዊች መካከል የመቀነስ ምልክት አለው።

ከተጫነ በኋላ ዶንግሉን ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩት። አሁንም 1446 ላይ ከቆመ በእጅ ማዘዝ ይቻላል። «ሱዶ»፣ ክፍተት፣ ከዚያ የፕሮግራሙ ስም። እዚህ ላይ ግን መካከል ላይ የሚገባው የመቀነስ ምልክቱ አይደለም፣ ወለል ላይ የተኛው ሰረዝ ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ቀጥሎ መቀነስ-ቪ እና 12ዲ1፣ መቀነስ-ፒ እና 1446፣ በመጨረሻም መቀነስና ትልቁ ጄ። ሁሉም በክፍተት ይለያያሉ። ትልቁ ጄ ለአዳዲሶቹ ሁዋዌዎች የሚላከው ምልክት ነው። ቁጥሩን በእናንተው ቁጥር ተኩ።

ከዚያ ዶንግሉን እንዳትነቅሉ! ከነቀላችሁት ተመልሶ ሲዲ ይሆናል። እንደተሰካ «ኤል-ኤስ-ዩ-ኤስ-ቢ» ድገሙና ቁጥሩ መቀየሩን እዩ።

ሁለት ዝርያ አለ

ሞደም ሆነ ማለት ሁሉም አንድ ነው ማለት አይደለም። አንደኛው ዝርያ በራሱ የሚገናኝ፣ ትንሽ ራውተር ነው። ሁዋዌ «ሃይሊንክ» ይለዋል፣ 14ዲሲ የሚለው ቁጥር የእሱ ነው። ሊኑክስ ይሄን የሚያየው እንደ ኔትወርክ ኬብል ነው። ስለዚህ «ሞባይል ብሮድባንድ» የሚለው ውስጥ ብትፈልጉት አታገኙትም፤ ሰው እዚያ ሲፈልገው ይውልና ሊኑክስን ይራገማል። ብራውዘር ከፍታችሁ 192.168.8.1 ጻፉ። በቆዩት ላይ 192.168.1.1 ሊሆን ይችላል። የዶንግሉ የራሱ ገጽ ይመጣል፤ ፒን፣ አጭር መልእክት፣ ኤፒኤን (የቴሌኮም ኩባንያው የኢንተርኔት መግቢያ ስም) ሁሉም እዚያ ነው። ኤፒኤን ትክክል ከሆነ ሥራችሁ አልቋል።

ሁለተኛው ዝርያ ንጹሕ ሞደም ነው፤ ደዋዩ ኮምፒውተሩ ነው። እዚህ ላይ «ሞደም ማኔጀር» እና «ኔትወርክ ማኔጀር» የሚባሉት ሁለቱ ይሠራሉ፣ ሁለቱም አብረው የመጡ ናቸው። ያየው መሆኑን ለማረጋገጥ «ኤም-ኤም-ሲ-ኤል-አይ»፣ ክፍተት፣ መቀነስና ትልቁ ኤል። የሞደሙ ስም መጨረሻው ላይ ቁጥር ይዞ ይመጣል፣ ብዙ ጊዜ 0። ነቅላችሁ በሰካችሁ ቁጥር አንድ ስለሚጨምር ሦስተኛ ጊዜ ላይ 2 ብታዩ አትደንግጡ። ያንን ቁጥር ይዛችሁ «ኤም-ኤም-ሲ-ኤል-አይ መቀነስ-ኤም 0» በሉ።

የሚመጣው ገጽ ረጅም ነው፣ ግን ሦስት ቦታ ብቻ አንብቡ። «ስቴት» የሚለው ላይ «ሎክድ» ካለ ፒኑ አልጠፋም። «ፌይልድ» ካለ አጠገቡ ምክንያቱን ይጽፋል፣ «ሲም ሚሲንግ» ከሆነ ሲሙ በደንብ አልገባም። «ሬጂስተርድ» ካለ ከማማው ጋር ተዋውቋል፣ ደስ ይበላችሁ። ሁለተኛው የሲግናሉ መጠን ነው፣ በመቶኛ። ሦስተኛው የኦፕሬተሩ ቁጥር፦ 63601 ኢትዮ ቴሌኮም፣ 63602 ሳፋሪኮም። መክፈቻ በሚጠይቀው መስመር ላይ ፒ-ኤች ብሎ የሚጀምር ነገር ካያችሁ ግን ዶንግሉ ለሌላ አገር ኩባንያ የተቆለፈ ነው፤ እሱን ሊኑክስ አይፈታውም።

አሁን ግንኙነቱን እንፍጠር። ሚንት ላይ ከታች በቀኝ በኩል የኔትወርኩን ምልክት ነክታችሁ «ኔትወርክ ኮኔክሽንስ» ክፈቱ፣ የመደመር ምልክቱን ተጫኑና «ሞባይል ብሮድባንድ» ምረጡ። አገር ሲጠይቅ ኢትዮጵያ። ኩባንያችሁ ዝርዝሩ ውስጥ ካለ ምረጡት፣ ከሌለ ስሙን በእጅ ጻፉት፤ ስሙ ለእናንተው መለያ ነው እንጂ ምንም አይሠራም። የሚሠራው ኤፒኤኑ ነው። ለኢትዮ ቴሌኮም «ኢ-ቲ-ሲ» ነጥብ «ሲ-ኦ-ኤም» ነው። ሌላ ሲም ከሆነ ስልካችሁ ላይ ያለውን የኤፒኤን ስም እዩና ያንኑ ገልብጡ። የሚደወልበት ቁጥር ከጠየቀ *99# ነው። የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ባዶ ይሁኑ። አስቀምጡ፣ ወደ ኔትወርኩ ምልክት ተመለሱ፣ አዲሱን ስም ንኩት።

የቆዩ መመሪያዎች ላይ በእጅ የሚጻፍ የመደወያ ፋይል ታገኙ ይሆናል፣ ደብልዩ-ቪ ዳያል ምናምን የሚል። ተዉት። ያ ኔትወርክ ማኔጀር ሕፃን በነበረ ጊዜ ነው።

ላም አለኝ በሰማይ

«ኮኔክትድ» ይላል፣ ገጽ ግን አይከፈትም። ተርሚናል ላይ «ፒንግ 8.8.8.8» በሉ። መልስ ከመጣ መንገዱ ክፍት ነው፣ የጎደለው ስምን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ዲኤንኤስ ነው፤ የግንኙነቱን ሴቲንግ ክፈቱና አይፒቪ4 በሚለው ሥር ዲኤንኤስ ቦታ ላይ 8.8.8.8 ጻፉ። መልስ ካልመጣ ኤፒኤኑን ፊደል በፊደል አረጋግጡ፣ መጨረሻው ላይ ክፍተት ተጽፎ እንዳይሆን። ከዚያ ጥቅሉን እንደገና እዩ። አዎ፣ እንደገና።

ተገናኝቶ ወዲያው የሚቋረጥ ከሆነ በዚያው የግንኙነቱ ሴቲንግ ውስጥ አይፒቪ6ን አጥፍታችሁ ሞክሩ፤ የቆዩ ዶንግሎች ላይ ረድቶኝ ያውቃል። ባትሪ ለመቆጠብ ቲኤልፒ የሚባለውን የጫናችሁ ደግሞ እሱንም ጠርጥሩት፣ ሥራ የፈታ የመሰለውን ዩኤስቢ ያስተኛል።

ሲግናል

ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ ስልካችሁ ላይ ሲግናሉ ሲወጣና ሲወርድ አይታችሁ ይሆናል። ሰሜን ሸዋ አምባና ገደል ነው፤ ማማው በአየር ቅርብ ሆኖ መካከል ላይ ገደል ከቆመ ምንም ዋጋ የለውም። ቤት ውስጥም እንደዚያው ነው። የመንዝ የድንጋይ ቤት ግድግዳው ወፍራም ነው፣ ብርዱን እንደሚመልሰው ሲግናሉንም ይመልሰዋል።

መፍትሔው ርካሽ ነው። አንድ ሜትር ተኩል የምትሆን የዩኤስቢ ኤክስቴንሽን ገመድ ግዙና ዶንግሉን መስኮት ላይ አንጠልጥሉት። የአጎቴ ልጅ ከመጋረጃው ዘንግ ላይ በክር አስራዋለች። ማታ ከጠረጴዛው ላይ 22 በመቶ ይል የነበረው መስኮቱ ላይ 58 ሆነ፤ እኔው ራሴ አጠገቧ ቆሜ ነው ያየሁት። ገመዱ ግን አይርዘም፣ ከረዘመ ኃይሉ መንገድ ላይ ያልቃል።

የሁዋዌ ዶንግል መብራትም ይናገራል። አረንጓዴ በየሦስት ሰከንዱ ሁለቴ ብልጭ ካለ በርቷል እንጂ ገና ኔትወርክ አላገኘም። ሰማያዊ ብልጭ ካለ 3ጂ አግኝቷል። ሳይጠፋ የበራ ሰማያዊ ማለት በ3ጂ ተገናኝቷል፣ የበራ አረንጓዴ ማለት በ2ጂ ነው፤ በ2ጂ ደግሞ ቡና አፍልታችሁ እስክትመለሱ አንድ ገጽ አይሞላም። በ2ጂና በ3ጂ መካከል እየዋዠቀ ካስቸገራችሁ «ኤም-ኤም-ሲ-ኤል-አይ መቀነስ-ኤም 0» በሚለው ትእዛዝ ላይ ክፍተትና ሁለት የመቀነስ ምልክት አድርጋችሁ «ሴት አላውድ ሞድስ» ብላችሁ፣ ቃላቱን በመቀነስ አያይዛችሁ፣ እኩል ይሆናል 3ጂ በሉ። ዶንግሉ የሚቀበላቸውን ጥምረቶች ረጅሙ ገጽ ላይ «ሰፖርትድ» ከሚለው ሥር ታገኛላችሁ። 3ጂ በሌለበት ቦታ ይሄን ብታደርጉ ጭራሽ ኔትወርክ ታጣላችሁ፣ እሱን አስቡ።

ጥቅሉን ማን በላው?

ይሄ ጥያቄ ከሦስት ቀን በኋላ ነው የሚመጣው። ሊኑክስ ንጹሑን ሞደም ሲያይ የሚቆጠር ኢንተርኔት መሆኑን ራሱ ገምቶ አንዳንዶቹን ማደሻዎች ያዘገያል። ሃይሊንኩን ግን ኬብል ነው ብሎ ስለሚያምን እንደልቡ ያወርዳል። ስለዚህ ሃይሊንክ ያላችሁ በእጃችሁ ንገሩት፦ የግንኙነቱ ሴቲንግ ውስጥ «ጄኔራል» በሚለው ገጽ ላይ «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን «የስ» አድርጉት። ኡቡንቱ ላይ «ሱዶ ስናፕ ሪፍሬሽ» ብላችሁ ሁለት መቀነስና «ሆልድ» ጨምሩ፣ ስናፕ፣ ማለትም የኡቡንቱ ፕሮግራም ጫኚ፣ በራሱ ማደሱን ያቆማል። ሚንት ላይ አፕዴት ማኔጀር በየጊዜው ራሱ ማረጋገጡን አጥፉትና ከተማ ስትወጡ፣ ዋይፋይ ባለበት፣ አንድ ላይ አድሱ።

ቀሪ ሒሳብ ለማየት ሲሙን መንቀል አያስፈልግም። ሃይሊንክ ከሆነ ከዶንግሉ ገጽ ላይ። ንጹሕ ሞደም ከሆነ «ኤም-ኤም-ሲ-ኤል-አይ መቀነስ-ኤም 0» ካላችሁ በኋላ ክፍተት፣ ሁለት መቀነስ፣ 3ጂ-ፒ-ፒ፣ መቀነስ፣ «ዩ-ኤስ-ኤስ-ዲ»፣ መቀነስ፣ «ኢኒሺየት»፣ እኩል ይሆናል፣ ከዚያ *804# በጥቅስ ምልክት ውስጥ። ጥቅሱን እንዳትረሱ፣ ያለሱ ተርሚናሉ ኮከቧን በሌላ ይተረጉማታል። መልሱ እዚያው ጥቁሩ መስኮት ላይ ይወጣል። የአጎቴ ልጅ ይሄን ትእዛዝ ደብተሯ ጀርባ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጽፋዋለች፤ አሁን ስትደውልልኝ መጀመሪያ ሒሳቧን አይታ ነው።